ከባልጭት እስከ ጮቄ፦ ድንጋይን በኤክስሬይ የመመርመር ታሪክ

የጎጃም ደጋ ድንጋይ ከሰው ይልቅ ዕድሜ ጠገብ ነው። ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከመሬት ሆድ የወጣ ቅልጥ ዐለት እየደጋገመ ፈሰሰና አገሩን አለበሰው። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ወርዶ ወደ ደጀን የሚወጣ መንገደኛ በሸለቆው ግድግዳ ላይ የአሸዋ ድንጋዩን፣ ጀሶውን፣ የኖራ ድንጋዩን ንብርብር ያያል፤ ከሁሉም በላይ የተደፋው ጥቁሩ ግን የእሳቱ ሥራ ነው። ከዚያ ስምንት ሚሊዮን ዓመት ያህል ቆይቶ በዚሁ ንጣፍ ላይ የጮቄ እሳተ ገሞራ ተነሣ።

ደብረ ማርቆስና ዙሪያዋ የሚኖሩት በዚህ ድንጋይ ላይና በዚህ ድንጋይ ነው። የደብሩ ቅጥር፣ የማሳው ካብ፣ የቤቱ መሠረት፣ ወፍጮውና መጁ ሁሉ ጥቁር ድንጋይ ነው፤ ጂኦሎጂስቶች ባዛልት የሚሉት። ለዓይን አንዱ ከሌላው አይለይም። ከአንድ የፈረሰ ቤት ወለል ላይ የተገኘ መጅ ከጮቄ ግርጌ ይምጣ ከዓባይ አፋፍ፣ መልኩን አይቶ የሚናገር የለም። የቅርስ ተመራማሪው ጥያቄ ደግሞ እሱው ነው፦ ድንጋዩ ከየት መጣ? ስንት ቀን መንገድ ተጓዘ? እነማን ተገበያዩት?

ይህን ጥያቄ ቅርሱን ሳይሰብሩ፣ እዚያው ቁፋሮው ቦታ ላይ ቆመው እንመልሳለን የሚሉ ሰዎች ዛሬ በእጃቸው ሽጉጥ የመሰለ መሣሪያ ይዘዋል። እንዴት እዚህ እንደተደረሰና ቃሉ ምን ያህል እንደሚታመን በቅደም ተከተሉ እንየው። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩ የሚጀምረው በኖቬምበር 1895 ነው። ጀርመናዊው ቪልሄልም ሮንትገን ቩርዝቡርግ ከተማ ውስጥ ኤክስሬይን ሲያገኝ በዚህ በኩል ለዓድዋ አራት ወር እንኳ አልቀረም ነበር፤ የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትም ከዘማቾቹ አንዱ ነበሩ። አጥንትን በሥጋ ውስጥ ያሳየው ጨረር ለሐኪም ወዲያው ጠቀመ። ለድንጋይ መርማሪ እስኪደርሰው ግን ጊዜ ወሰደ።

በ1913 ሄንሪ ሞዝሊ የተባለ ወጣት እንግሊዛዊ እያንዳንዱ ንጥረ ነገር በኃይለኛ ጨረር ሲመታ የራሱን ኤክስሬይ መልሶ እንደሚያወጣ፣ የዚያም ጨረር ጉልበት ከንጥረ ነገሩ የአቶም ቁጥር ጋር በሕግ የተሳሰረ መሆኑን አሳየ። ብረት የብረትን ይመልሳል፣ ዚርኮኒየም የዚርኮኒየምን። በምታየው ጨረር ብቻ ውስጡ ምን እንዳለ ማወቅ ትችላለህ ማለት ነው። ሞዝሊ ከሁለት ዓመት በኋላ በ27 ዓመቱ ጋሊፖሊ ላይ በጦርነት ሞተ። የዛሬዎቹ መሣሪያዎች ሁሉ የቆሙት በእሱ ሕግ ላይ ነው።

በእነዚያ ዓመታት በእኛ በኩል ድንጋይ የሚመረመረው በዓይን ነበር፤ ከዚያም በኋላ ብዙ ቆየ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ሞይሲ የተባለ የእንግሊዝ መኮንን ከጣና ሰሜን ጎርጎራ ላይ አንድ የዋሻ መጠለያ ቆፈረ፤ ያገኘውን የድንጋይ መሣሪያ ሉዊስ ሊኪ በ1943 ጽፎ አሳተመው። ሊኪ መሣሪያዎቹን በቅርጻቸውና በአሠራራቸው መደባቸው። ድንጋዩ ከየትኛው ተራራ እንደመጣ ለመጠየቅ የሚያስችል መንገድ ያኔ አልነበረም። ጆአን ዶምብሮቭስኪ ከጣና ምሥራቅ ያሉትን የላሊበላና የናቻቢየት ዋሻዎች ቆፍራ በ1970 ስትጽፍም ስሟን ያስጠራው ከአፈሩ ውስጥ የወጣው እህል ነበር እንጂ ድንጋዩ አልነበረም።

ለውጡ የመጣው በ1964 ነው። ጆንሰን ካንና ኮሊን ሬንፍሩ የሜዲትራንያንን ባልጩት ሰብስበው ውስጡ ያሉትን ጥቃቅን ንጥረ ነገሮች በመለካት ከየትኛው ደሴትና ተራራ እንደወጣ ለዩ። ባልጩት፣ ማለትም ኦብሲዲያን፣ ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ድንጋይ ነው። ቅልጥ ዐለቱ ክሪስታል ለመሥራት ጊዜ ሳያገኝ ቀዝቅዞ መስታወት ሆኗል፤ ስለዚህ ጫፉም መሐሉም አንድ ነው። እያንዳንዱ እሳተ ገሞራ ደግሞ የሩቢዲየም፣ የስትሮንሺየም፣ የኢትሪየም፣ የዚርኮኒየምና የኒዮቢየም ልክ የየራሱ አለው። ችግሩ ሌላ ነበር። በዚያን ጊዜው ዘዴ ከቅርሱ ላይ ትንሽ ቆርሶ መፍጨት ግድ ነበር።

ኢትዮጵያ ደግሞ የባልጩት አገር ናት። ከአዲስ አበባ በስተደቡብ፣ አዋሽ ዳር፣ መልካ ቁንጥሬን ጌሪት ዴከር የተባለ ሆላንዳዊ በ1963 አመለከተ፤ ከ1965 ጀምሮ ዣን ሻቫዮን ቁፋሮውን መራ። ከዚያ 7 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ባልጭት የተባለው ቦታ አለ፤ ሜዳው ዛሬም በጥቁር ስባሪ ያብለጨልጫል። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ፍሬድ ዌንዶርፍና ሮሙአልድ ሺልድ ዝዋይ አጠገብ ጋደሞታ ላይ ሲቆፍሩም ያገኙት መሣሪያ ባብዛኛው ከዚሁ መስታወት የተሠራ ነበር።

የድንጋዩ ምንጭ በኬሚስትሪ የተጣራው ግን ቆይቶ ነው። በ2006 አጋዚ ነጋሽ፣ የአሜሪካው ስቲቨን ሻክሊና ሙሉጌታ አለነ የመልካ ቁንጥሬን ጥንታዊ መሣሪያዎች መርምረው ምንጩ ባልጭት መሆኑን አረጋገጡ። በዚያው ዓመት አጋዚና ሻክሊ ድሬዳዋ አጠገብ ያለውን የፖርክ ኤፒክ ዋሻ ባልጩት ሲመረምሩ የተገኘው የበለጠ አስገራሚ ነበር። ከድንጋዩ የተወሰነው ከአሰቦት፣ የተወሰነው ከአየሉ፣ የተወሰነው ደግሞ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ካለው ከቆኔ የመጣ ነበር። የመካከለኛው የድንጋይ ዘመን ሰው ይህን ያህል ርቀት ያለ ጋማ ከብት ድንጋይ አጓጓዘ፣ ወይም ከእጅ ወደ እጅ ተቀባበለ ማለት ነው። ይህ ሁሉ የተሠራው በላቦራቶሪ ውስጥ በተተከለ፣ ለዓመታት ተስተካክሎ በተፈተነ ትልቅ ማሽን ነው። ይህን አንባቢ ልብ ይበል፤ በኋላ የተነሣው ጠብ ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው።

ተንቀሳቃሹ መሣሪያ በበኩሉ የተወለደው ለቅርስ ተብሎ አልነበረም። የመጀመሪያዎቹ የጨረር ምንጫቸው ራዲዮአክቲቭ ንጥረ ነገር ነበር፤ ለማዕድን ፍለጋና ለፋብሪካ ተሠሩ። በ1976 ማርስ ላይ ያረፉት የቫይኪንግ መንኮራኩሮች የቀይዋን ፕላኔት አፈር የመረመሩት በዚሁ ዘዴ ነው። በ2000ዎቹ የኤክስሬይ ቱቦው ጣት እስኪያህል አነሰ፤ መሣሪያው አንድ ሰው በአንድ እጁ የሚይዘው ሆነ። ገዢዎቹም ቁርጥራጭ ብረት የሚለዩ ነጋዴዎች፣ በአሮጌ ቤት ቀለም ውስጥ እርሳስ የሚፈልጉ ተቆጣጣሪዎች፣ የማዕድን ኩባንያዎች ነበሩ። አርኪዮሎጂስቱ የመጣው ከእነሱ ኋላ ነው።

አሠራሩ ሲያዩት ቀላል ነው። ድንጋዩ ይታጠባል፣ ይደርቃል። የመሣሪያው አፍንጫ ድንጋዩ ላይ ይጠጋል፣ ቃታው ይሳባል፣ ቀይ መብራት ይበራል፤ እጅ ከፊቱ ማስገባት ክልክል ነው። ግማሽ ደቂቃ ወይም አንድ ደቂቃ ይጠበቃል። ከዚያ በትንሿ መስኮት ላይ የንጥረ ነገሮች ስም ይደረደራል፤ ከጎኑም ቁጥር፣ ከቁጥሩም ጎን የመደመርና የመቀነስ ምልክት ያለበት የስሕተት ልክ። ቃታውን የሳበ ሰው ሁሉ ቁጥር ያገኛል፤ መሣሪያው ተሳስቻለሁ ብሎ ባዶ አይመልስም። አደጋው እዚህ ላይ ነው።

ኢትዮጵያን ለመሰለ አገር ጥቅሙ ግልጽ ነው። ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር አይወጣም፤ መውጣትም የለበትም። ከታቦት ቤት ደጃፍ ያለ የተጠረበ ድንጋይ ማንም ቆርሶ እንዲወስድ አይፈቀድም። መሣሪያው ግን ወደ ድንጋዩ ይሄዳል፣ አንዲት ፍንጣሪ ሳያነሣ ይመለሳል። ብዙ ወጣት ተመራማሪ ስለዚህ ወደደው።

በ2010 ሻክሊ ራሱ ቀዝቃዛ ውኃ ቸለሰበት። በአሜሪካ አርኪዮሎጂስቶች ማኅበር መጽሔት ላይ ያወጣው ጽሑፍ ርእሱ ራሱ ጥያቄ ነበር፦ በዚህ መሣሪያ ላይ ተአማኒነትና ትክክለኛነት አለን? ሁለቱ አንድ አይደሉም። መሣሪያው አንዱን ድንጋይ አሥር ጊዜ ለክቶ አሥር ጊዜ ተመሳሳይ ቁጥር ቢሰጥ ተአማኒ ነው፤ ቁጥሩ ግን አሥሩንም ጊዜ በእኩል መጠን የተዛባ ሊሆን ይችላል። አንዱ ቡድን በአንድ ኩባንያ መሣሪያ፣ ሌላው በሌላ ለክተው ቁጥራቸው ካልተገናኘ፣ ያንዱን መረጃ ሌላው ሊጠቀምበት አይችልም። ሻክሊ የሚጠይቀው የታወቀ መመዘኛ ድንጋይ በየጊዜው እንዲለካና ውጤቱ ከቅርሱ ቁጥር ጋር እንዲታተም ነው።

በ2013 ኤለሪ ፍራህም መልስ ይዞ መጣ። መሣሪያውን ከሳጥኑ እንደወጣ፣ በፋብሪካው ማስተካከያ ብቻ፣ የመካከለኛው ምሥራቅን የባልጩት ፍንጣሪ ለካበትና ምንጮቹን በትክክል ለየ። ቁጥሩ ከላቦራቶሪው ጋር አንድ ባይሆንም ድንጋዩን ወደ ትክክለኛው ተራራ ከመለሰልኝ ለአርኪዮሎጂስት ይበቃል አለ። ሮበርት ስፒክማንና ሻክሊ ወዲያው መለሱለት፦ ይህ በየጎተራው የተዘጋ ሳይንስ ነው፤ ራስህ ለክተህ ራስህ ብቻ የምታነበው ቁጥር ለማንም አይሆንም። ፍራህም ደግሞ፣ ዓላማችን ጂኦኬሚስትሪ ነው ወይስ አርኪዮሎጂ? ብሎ ጠየቀ። በ2014 ከባልደረቦቹ ጋር አርሜኒያ ውስጥ ባልጩትን በ10 ሴኮንድ ብቻ ምንጩን እየለየ አሳየ። ቆፋሪው ከጉድጓዱ ሳይወጣ መልሱን ማግኘት ቻለ።

እኔ የሁለቱንም እውነት አያለሁ፤ ሚዛኔ ግን ወደ ሻክሊ ያደላል። አርሜኒያ ላይ 10 ሴኮንድ የበቃው ከዚያ በፊት የተራሮቹ ባልጩት ለዓመታት በላቦራቶሪ ተጠንቶ መዝገቡ ስለነበረ ነው። መዝገብ በሌለበት አገር ፈጣን መሣሪያ ይዞ መሄድ ስም ዝርዝሩ ሳይኖር የጣት አሻራ እንደ መሰብሰብ ነው።

አሁን ወደ ጥቁሩ ድንጋይ እንመለስ። የባዛልት ነገር ከባልጩት በብዙ ይከፋል። ባዛልት መስታወት አይደለም፤ ውስጡ የተለያዩ ማዕድናት እንደ ጤፍና እንደ ሽምብራ ተደባልቀው የተቀመጡበት ነው። አንዱ ነጭ፣ አንዱ አረንጓዴ፣ አንዱ ጥቁር ክሪስታል ነው። የመሣሪያው ዓይን ጥቂት ሚሊ ሜትር ስፋት ያላት ቦታ ብቻ ነው የምታየው። ነጩ ላይ ካረፈች ካልሲየሙ ይበዛል፣ ስትሮንሺየሙም ከፍ ይላል፤ አረንጓዴው ላይ ካረፈች ማግኒዚየምና ብረት ይበዛል። አንድ ድንጋይ ሁለት ድንጋይ መሰለ ማለት ነው። መፍትሔው ብዙ ቦታ ለክቶ ማማከል ነው፤ ያም ጊዜ ይፈጃል።

ጥልቀቱም ሌላ ነገር ነው። ከዚርኮኒየም የሚመለሰው ጨረር ጥቂት ሚሊ ሜትር ድንጋይ ሰንጥቆ ይወጣል፤ ከሲሊኮን የሚመለሰው ግን ከፀጉር ውፍረት ካልበለጠ ጥልቀት ብቻ ነው የሚመጣው። ስለዚህ ለቀላሎቹ ንጥረ ነገሮች መሣሪያው የሚያነበው የድንጋዩን ቆዳ ነው። ሶዲየምን ጨርሶ አያይም ቢባል ይቀላል። ፍንጣሪው ከሁለት ሦስት ሚሊ ሜትር ከሳሳ ደግሞ የዚርኮኒየሙ ቁጥር ራሱ ይወላገዳል። በ2008 ሃዋይ ውስጥ ስቲቨን ለንድብላድና ባልደረቦቹ የባዛልት መሣሪያዎችን ሳይሰብሩ ሲለኩ ያጠኑት ይህንኑ ነው፤ መሬት ውስጥ መበስበስና የናሙናው ማነስ ቁጥሩን ምን ያደርጉታል የሚለውን።

ጎጃም ላይ ቆዳ ማንበብ ምን ማለት እንደሆነ ለመረዳት አንድ ወፍጮ በቅርብ ማየት ይበቃል። ላዩ በመውቀር የተቦረቦረ ነው፤ በየጉድጓዱ የዳጉሳ፣ የጤፍ፣ የጨው ትራፊ ተቀምጧል። ከመጁ የተፋቀ ዱቄትም ገብቶበታል። ከስር ያለው ጎን ደግሞ ለትውልድ ያህል አፈር ላይ ተቀምጦ የብረት ቅላት ጠጥቷል። በዝናብ የታጠበው ባዛልት ካልሲየሙንና ሶዲየሙን እየጣለ፣ ብረቱና ታይታኒየሙ ላዩ ላይ እየበዛ ይሄዳል። ስለዚህ በዚያ ላይ ቃታ የሳበ ሰው ስለ ድንጋዩ ጠይቆ ስለ ጨዉ፣ ስለ ቀይ አፈሩና ስለ ዝናቡ ነው መልስ የሚያገኘው።

በነገራችን ላይ፣ ዓባይ ላይ ያሉት የጥንት ድልድዮች ኖራቸው በእንቁላል የተቦካ ነው የሚለውን ወሬ በዚህ መሣሪያ እናጣራ የሚል ሰው ቢመጣ አይሆንለትም። ካልሲየሙን አሳምሮ ያሳየዋል። እንቁላል ግን ካርቦንና ናይትሮጅን ነው፤ እነዚያን መሣሪያው አያያቸውም።

የጎጃምን ድንጋይ መዝገብ የሚመስል ነገር የሠሩት አርኪዮሎጂስቶች ሳይሆኑ ጂኦሎጂስቶች ናቸው፤ ያውም ለሌላ ጉዳይ። በ1998 ራፋኤል ፒክና ባልደረቦቹ የሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያን ባዛልት በታይታኒየም መጠኑ ከፈሉት፤ ዝቅተኛው ወደ ምዕራብ፣ ከፍተኛው ወደ ምሥራቅ ያጋደለ ሆኖ ተገኘ። ለእኛ ይህ መልካም ዜና ነው፤ ታይታኒየም በእጅ የሚያዘው መሣሪያ ከሚያያቸው አንዱ ነውና። በ2004 ግን ብሩኖ ኪፈርና ጓደኞቹ ያወጡት ጥናት ለተመራማሪው ራስ ምታት ጨመረ። በስሜን በኩል ከሥር ያለው ንጣፍም ተራራውም ባብዛኛው አንድ ዓይነት፣ ቶሌይቲክ የሚባለው ነው። በጮቄና በጉጉፍቱ ደግሞ ንጣፉም በላዩ የተነሡት ተራሮችም ሌላ ዓይነት፣ አልካላይን የሚባለው ናቸው። የስሜንን ድንጋይ ከጮቄ መለየት ይቻላል ማለት ነው፤ የጮቄን ድንጋይ ከሥሩ ካለው የ30 ሚሊዮን ዓመት ንጣፍ መለየት ግን ሌላ ጣጣ ነው። ለደብረ ማርቆስ ሰው የሚያስፈልገው ደግሞ ሁለተኛው ነው፤ ወፍጮ ከስሜን ተሸክሞ ያመጣ ሰው ስለመኖሩ ያጠራጥራል፣ ከጮቄ ግርጌ ግን ማንም ያመጣል።

በዚህ መሐል ሌሎች ቦታዎች እየቀደሙ ሄዱ። በ2017 ላውሪ ኒክሰን ዳርከስና ካትሪን ዳንድሪያ በትግራይ ደጋ የጥንትና የዛሬ ወፍጮዎችን ጥናት አወጡ፤ ዋና ትምህርታቸው የመጣው ከማሽን ሳይሆን ፈጪዎቹን ሴቶች ከመጠየቅ ነው። በ2019 የባሌ ተራሮች ፍንጫ ሐበራ መጠለያ ከ40 ሺህ ዓመት በፊት ገደማ ሰዎች ከ3 ሺህ 400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ እንደኖሩ፣ ባልጩታቸውንም ከዚያ በላይ ካለ ሸንተረር እንዳመጡ አሳየ።

ለእኛ ጉዳይ ትልቁ ትምህርት የመጣው በ2020 ከእንግሊዝ ነው። ዴቪድ ናሽና ባልደረቦቹ ስቶንሄንጅ በተባለው ጥንታዊ የድንጋይ ሐውልት ላይ የቆሙትንና የወደቁትን፣ ሳርሰን የሚባሉ 52 ትልልቅ ድንጋዮች በእጅ በሚያዝ መሣሪያ ለኩ። 50ዎቹ ተመሳሳይ ሆኑ። መሣሪያው እዚህ ድረስ አመጣቸው፤ ከየት እንደመጡ ግን አልነገራቸውም። ያንን የነገራቸው በ1958 ለጥገና ሲባል ከአንዱ ድንጋይ ተቦርቡሮ የወጣ፣ ስድሳ ዓመት ያህል በአንድ ሠራተኛ እጅ ቆይቶ በ2018 የተመለሰ እምብርት ነው። ቆርሰው በላቦራቶሪ መረመሩት፤ ከ25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ካለው ዌስት ዉድስ ጫካ ጋር ገጠመ። በእጅ የሚያዘው መሣሪያና ላቦራቶሪው እየተደጋገፉ ነው የሠሩት፤ አንዱ ብቻውን አይበቃም ነበር።

ባልጩት ግን መመስከሩን አላቆመም። በ2023 ማርጋሪታ ሙሲና ባልደረቦቿ መልካ ቁንጥሬ ውስጥ ሲምቢሮ ከተባለው ቦታ ከ1.2 ሚሊዮን ዓመት በላይ ዕድሜ ያላቸውን 578 መሣሪያዎች ይፋ አደረጉ፤ ከሦስቱ በቀር ሁሉም ባልጩት ናቸው። በ2024 መልካ ቁንጥሬና ባልጭት በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዘገቡ። በዚያው ዓመት መተማ አጠገብ በሽንፋ ወንዝ ዳር የተገኘው የጥንት ሰዎች የሰፈራ ቦታ ይፋ ሆነ። የቦታው ዕድሜ ቁልፍ ከ74 ሺህ ዓመት በፊት ኢንዶኔዥያ ውስጥ ከፈነዳው ቶባ የመጣ፣ በዓይን የማይታይ የመስታወት ብናኝ ነበር። እንዲህ ያለውን ብናኝ ሽጉጥ መሰሉ መሣሪያ አያየውም፤ ዓይኗ ትሰፋበታለች።

የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነገ መሣሪያውን ይዞ ወደ ጮቄ ቢወጣ የመጀመሪያው ሥራው መጅ መለካት አይደለም። ከየወንዙ ገደል፣ ወፍጮ ይወጣበታል ከተባለ ከየድንጋይ ማውጫው፣ በመዶሻ ሰብሮ ያልበሰበሰ ውስጥ ማምጣት ነው፤ ቦታዎቹን የሚያውቁት ደግሞ ሽማግሌዎቹና ፈጪዎቹ ናቸው። ከዚያ አንዱን ድንጋይ በውጭ ቆዳውና በተሰበረው ገጽ በየተራ ይለካዋል፤ ልዩነቱ ምን ያህል እንደሆነ ይጽፋል። የሳርሰኑን እምብርት የመሰለ ጥቂት ናሙና ደግሞ ወደ ላቦራቶሪ ይልካል።

በየሥራው ቀን መጀመሪያና መጨረሻ ግን የሚለካው የጎጃም ድንጋይ አይደለም። ቢኤችቪኦ-2 የሚባል፣ በ1919 ከሃዋይ ኪላዌያ እሳተ ገሞራ ከፈሰሰ ባዛልት ተፈጭቶ ለዓለም ላቦራቶሪዎች ሁሉ የሚከፋፈል ግራጫ ዱቄት አለ። ታይታኒየም ኦክሳይዱ 2.73 በመቶ መሆኑ የታወቀ ነው። መሣሪያው ጠዋት 2.73ን አቅርቦ ከሰዓት በኋላ 3.1 ካለ፣ በመካከሉ የተለካው የጮቄ ድንጋይ ሁሉ ተሰርዞ እንደገና ይለካል።